ለማጽዳት የሚመች ዶሮ ቤት





ለመበለቶችና ለችግረኛ ቤተሰቦች ዶሮ ለመስጠት የምታዋጡት ገንዘብ በምን በምን እንደሚውል በዝርዝር ከገለጽንላችሁ በኋላ፣ ከእናንተ አንዳንዶቹ አንድ ጥያቄ አቅርባችሁልናል። ጥያቄው፣ «በአገራችን ዶሮ የራሷ ቤት ተሠርቶላት የኖረችበት ጊዜ ጥቂት ነው። ታዲያ ለዶሮዎቹ ከሚወጣው ገንዘብ ይልቅ ለቤታቸው የሚወጣው ለምን በለጠ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። የእግዚአብሔር ሕዝብ ከጸሎት ጋር የሰጠውን ገንዘብ የምናስተዳድር እንደ መሆናችን መጠን መልስ የመስጠት ግዴታ አለብን። መልሳችንም ባጭሩ ይህ ነው፦ ዶሮ ቤቱን የምንሠራው ለዶሮዋ ብቻ ሳይሆን በዚያ ቤት ለሚያድገው ሕፃንም ጭምር ነው። ቤቱም በቀላሉ የማይጸዳ ከሆነ ለዶሮዋም ለሕፃኑም ሳይጠቅም ይቀራል። ይህን የተማርነው በራሳችን ስሕተት ስለሆነ፣ ነገሩን ከነስሕተታችን እንገልጽላችኋለን።

ዶሮና ሕፃን በአንድ ጣራ ሥር

በምንሠራባቸው በወላይታ ደጋማ ቀበሌዎች መሬቱ ጠባብ፣ ሕዝቡም ብዙ ነው። ከእንሰቱና ከቡናው ጓሮ በቀር ሌላ መሬት የሌለው ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። ለእንዲህ ዓይነቱ ቤተሰብ፣ ይልቁንም ባሏ ለሞተባት እናት፣ ዶሮ ትልቅ ነገር ናት። ላም ለመግዛት አቅም የሌላት እናት አንዲት ቄብ መግዛት ትችላለች። እንቁላሉ ለጨው፣ ለሳሙናና ለልጆች ደብተር ይሆናል። የመስቀል በዓል ሲቃረብ አውራ ዶሮው ጥሩ ዋጋ ያወጣል። ከሁሉም በላይ፣ ቆጮና በቆሎ ብቻ ለሚመገብ ሕፃን አንድ እንቁላል ሰውነት የሚገነባ ምግብ ነው።

ነገር ግን ዶሮዎቹ ማታ የሚያድሩት ከሰዎቹ ጋር በአንድ ቤት ውስጥ ነው። ይህ የሆነው በስንፍና አይደለም። ሸለምጥማጥና ድመት በሌሊት ይመጣሉ፤ ሌባም አለ። ያላትን አምስት ዶሮ ደጅ ያሳደረች እናት ጠዋት ላባ ብቻ ልታገኝ ትችላለች። ስለዚህ ዶሮዎቹ በመደቡ አጠገብ ወይም በእሳቱ ጥግ ያድራሉ። ጠዋት እናቲቱ በመጥረጊያ ብትጠርግም፣ ወለሉ አፈር ስለሆነ ኩሱ ከአፈሩ ጋር ይደባለቃል። የሚድኸው ሕፃን በዚያ ወለል ላይ ይውላል፤ እጁንም ወደ አፉ ይወስዳል።

በዶሮ ኩስ ውስጥ ዶሮዋን ሳያሳምሙ ሰውን፣ በተለይም ሕፃናትን፣ የሚያስቀምጡ ተሐዋስያን አሉ። ደጋግሞ የሚያስቀምጠው ልጅ የበላው ምግብ አይረባውም። ስለ ኢትዮጵያ ገጠር ተደርጎ በ2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የታተመ አንድ ጥናት ይህንኑ የሚያጠናክር ነገር አሳይቷል። በጥናቱ መሠረት ዶሮ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች በቁመታቸው የተሻሉ ሆነው ተገኝተዋል፤ ዶሮዎቹ ማታ ከሰው ጋር በአንድ ቤት በሚያድሩበት ጊዜ ግን በልጆቹ ዕድገት ላይ የሚታየው ነገር ተቃራኒ ነው። እንግዲህ በአንድ እጃችን እንቁላል ሰጥተን በሌላው ተቅማጥ የምንሰጥ ከሆነ ርዳታችን ምን ይጠቅማል?

የመጀመሪያው ስሕተታችን

ይህን ስንረዳ ዶሮ ቤት መሥራት ጀመርን። የመጀመሪያዎቹ ቤቶች ሲታዩ ያማሩ ነበሩ። ግድግዳቸው ጠንካራ፣ ጣራቸው ቆርቆሮ፣ በራቸውም በቁልፍ የሚዘጋ ነበር። ፎቶግራፍ አንሥተን ደስ ብሎን ተመለስን። ከአንድ ዓመት በኋላ ለጉብኝት በሄድን ጊዜ ግን ከቤቶቹ የሚበዙት የማገዶ ማስቀመጫ ሆነው አገኘናቸው። ዶሮዎቹም ወደ ሰው ቤት ተመልሰው ነበር።

አንዲት በዕድሜ የገፉ መበለት ቤት ገብተን፣ «እማማ፣ ዶሮ ቤቱን ለምን ተዉት?» ብለን ጠየቅናቸው። እርሳቸውም እጃችንን ይዘው ወደ ዶሮ ቤቱ ወሰዱን። በሩ ጠባብ ነበር፤ ጭንቅላትና አንድ ክንድ ብቻ ያስገባል። ቤቱ ወደ ውስጥ ጥልቅ ስለሆነ ጥጉ በእጅ አይደረስበትም። ቁመቱ ደግሞ ሰው አያስቆምም። ቆጡ በሚስማር ተመትቶ ስለነበር አይነሣም። ወለሉ አፈር ስለሆነ እርጥበት ይዟል፤ በሩን በከፈትነው ጊዜ የወጣው ሽታ ዓይናችንን አስለቀሰን። በግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ደግሞ ቅንቅን ይርመሰመስ ነበር። እማማም፣ «ልጄ፣ ይህን ቤት የሠራው ሰው አንድ ቀን እንኳ ዶሮ ቤት ጠርጎ አያውቅም» አሉን።

መልስ አልነበረንም። ቤቱን የሠራነው እኛ ነን፤ እውነትም ጠርገን አናውቅም። በዚያ ቀን እማማን፣ «እንግዲያው እንዴት ቢሠራ ይጠርጉት ነበር?» ብለን ጠየቅናቸው። ያን ቀን የሰጡን ምክርና ከሌሎች እናቶች የሰማነው፣ ስለ ዶሮ እርባታ ከተማርነው ጋር ተጣምሮ ዛሬ የምንሠራበትን ንድፍ አስገኘልን። የንድፉ መሠረት አንድ ሐሳብ ነው፦ አንዲት እናት ወደ ውስጥ ሳትገባ፣ ሳትንበረከክና ሌላ ሰው ሳትጠራ፣ ሕፃን አዝላ እንኳ ልታጸዳው የምትችለው ቤት መሆን አለበት። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ክፍል በየአጥቢያችሁ ይህን ሥራ ለመጀመር የምትፈልጉ ሁሉ እንድትጠቀሙበት በዝርዝር ጽፈነዋል።

የቤቱ ስፋትና ቦታ

ቀን ቀን በጓሮ እየዋሉ ማታ ብቻ ለሚገቡ 10 ዶሮዎች ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወደ ውስጥ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ ቤት ይበቃል። ይህም ለ5 ዶሮዎች አንድ ካሬ ሜትር ማለት ነው። ጥልቀቱን ከ1 ሜትር ያላሳለፍነው በምክንያት ነው። ደጅ የቆመች እናት እጀታው ግማሽ ሜትር በሆነ መፋቂያ የውስጠኛውን ጥግ ትደርስበታለች። ቤቱን ማስፋት የሚፈልግ ሰው በርዝመቱ ይጨምር እንጂ በጥልቀቱ አይጨምር።

ቦታው ውሃ የማይተኛበት፣ ከመኖሪያ ቤቱ ጥቂት እርምጃ ራቅ ያለ ይሁን። ሆኖም በሩ ወደ መኖሪያው ደጃፍ ይመልከት። ሌሊት ዶሮ ስትንጫጫ ባለቤቲቱ መስማት አለባት፤ ካልሰማች ግን ሌባውንና ሸለምጥማጡን ፈርታ ዶሮዎቹን ወደ ቤቷ መመለሷ አይቀርም። ጀርባው ነፋስና ዝናብ በሚመጣበት በኩል ይሁን።

ወለሉ

የንጽሕናው ነገር ከግማሽ በላይ የሚወሰነው በወለሉ ነው። ቤቱ በአጣና ቋሚዎች ላይ ከመሬት ከ70 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ከፍ ብሎ ይቆማል። ወለሉ ከተሰነጠቀ ቀርከሃ ወይም ከቀጭን የባሕር ዛፍ የሚሠራ ርብራብ ነው። በእንጨቶቹ መካከል ከ2 እስከ 2.5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይተዋል። ኩሱ በዚህ ክፍተት ይወድቃል፤ የትልቅ ዶሮ እግር ግን አያልፍም። ስለዚህ ዶሮዋ በኩሷ ላይ ቆማ አታድርም፤ የጣለችው እንቁላልም አይበላሽም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የርብራቡ እንጨቶች አቀማመጥ ከጀርባ ግድግዳ ወደ በር የሚሄድ ይሁን። እንጨቶቹ አግድም ከተደረጉ መፋቂያው በእያንዳንዱ እንጨት ላይ ይደናቀፋል። ከጀርባ ወደ በር ከሆኑ ግን አንድ ጊዜ መሳብ ብቻ ይበቃል። እኛም በመጀመሪያ አግድም ሠርተን ኋላ አፍርሰነዋል። ርብራቡ በሁለት ተከፍሎ የሚነሣ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል፤ በወር አንድ ጊዜ አውጥቶ ለማጠብና ፀሐይ ለማስመታት ይመቻል።

ለትንንሽ ጫጩቶች ክፍተቱ ሰፊ ስለሆነ እግራቸውን ሊሰብራቸው ይችላል። ስለዚህ ጫጩቶች ከእናታቸው ጋር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጭድ በተነጠፈበት ቅርጫት ወይም ሳጥን ለብቻቸው ይያዙ፤ ጭዱም ቶሎ ቶሎ ይለወጥ።

ከርብራቡ በታች ያለው መሬት ተደልድሎና ተጠቅጥቆ ወደ ኋላ ትንሽ ተዳፋት ይደረግ። በላዩም ደረቅ አፈር ወይም ገለባ ይነስነስበት፤ ይህ እርጥበቱን ይጠጣል፤ ሽታውንም ይቀንሳል። አሮጌ ቆርቆሮ ከተገኘ ከታች አንጥፎ እንደ መሳቢያ ጎትቶ ማውጣት ይቻላል። የታችኛው ክፍል በሦስት ጎን በቀርከሃ ወይም በእሾህ ይታጠር፤ በአራተኛው በኩል የሚነሣ መዝጊያ ይደረግለት። ይህ ካልሆነ ዶሮዎቹ ቀን ገብተው ይጭሩታል፤ ልጆችም ይጫወቱበታል። ኩሱን ከመኖሪያ ቤት አውጥተን ልጆች በሚጫወቱበት ቦታ ከከመርነው የደከምነው በከንቱ ነው።

አራቱ ቋሚዎች በመካከላቸው በቆርቆሮ ይጠቀለሉ፤ የዘይት ጣሳ ቆርቆሮ ይበቃል። አይጥና ሸለምጥማጥ የሚንሸራተተውን ቆርቆሮ መውጣት አይችሉም። ዶሮዎቹ የሚወጡበት መሰላልም ማታ ይነሣ።

በሩ

የፊት ግድግዳው በሙሉ በር ይሁን። ይህም በሁለት ክፍል ተሠርቶ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይከፈታል። ማጠፊያ ለመግዛት ካልተቻለ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ጠፍር በሚስማር ቢመታ ለብዙ ጊዜ ያገለግላል። መወርወሪያና ቁልፍ ይደረግለት። በሩ ደፍ አይኑረው። ደፍ ካለው የሚጠረገው ሁሉ እዚያ ይጠራቀማል፤ የበሩ እንጨትም ቶሎ ይበሰብሳል። ወለሉና የበሩ አፍ እኩል ከሆኑ ግን የተሳበው ሁሉ በቀጥታ በደጅ በተዘጋጀው ቅርጫት ውስጥ ይወድቃል። ከበሩ በአንደኛው ክፍል ለዶሮዎቹ መግቢያ ትንሽ መስኮት ይተው።

ቆጡ

ዶሮ በተፈጥሮዋ ከፍ ብላ ማደር ትወዳለች። ለአንዲት ዶሮ 20 ሴንቲ ሜትር የቆጥ ርዝመት ስለሚያስፈልግ፣ 2 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ቆጥ 10 ዶሮዎችን ያሳድራል። ውፍረቱ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ጠርዙ ተልጎ ይለስልስ። ከጀርባ ግድግዳው 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ይራቅ። ሁለት ቆጥ የሚያስፈልግ ከሆነ ሁለቱም በእኩል ከፍታ ይደረጉ፤ አንዱ ከፍ ካለ ዶሮዎቹ በላይኛው ይጣላሉ፤ ከላይ ያሉትም በታች ባሉት ላይ ኩሳቸውን ይጥላሉ።

ቆጡ ፈጽሞ በሚስማር አይመታ። በሁለት ባላ ላይ ብቻ ይጋደም። ምክንያቱም ቅንቅን ቀን ቀን የሚደበቀው በቆጡ ጫፍና ቆጡ ግድግዳ በሚነካበት ስንጥቅ ውስጥ ነው። ሌሊት ወጥቶ የዶሮዋን ደም ይጠጣል፤ ሲነጋ ይመለሳል። ዶሮ በሌለበት እንኳ ለወራት ሳይበላ ሊቆይ ይችላል። የሚነሣ ቆጥ ግን ወደ ደጅ ይወጣል፤ የፈላ ውሃ ይፈስበታል፤ ፀሐይ ይመታዋል።

የእንቁላል መጣያው

ለ4 ወይም ለ5 ዶሮዎች አንድ መጣያ ይበቃል። ስፋቱ በየጎኑ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ውስጡም ጨለም ያለ ይሁን። ከቆጡ ዝቅ ብሎ በጎን ግድግዳ ላይ ይደረግ። ከቆጡ ከፍ ካለ ዶሮዎቹ እዚያ ያድሩበታል፤ ጠዋትም እንቁላል በሚጠበቅበት ቦታ ኩስ ይገኛል። ከቆጡ በታች በቀጥታም አይቀመጥ። በግድግዳው ላይ ከደጅ የሚከፈት ትንሽ መዝጊያ ቢደረግለት ልጅም እንኳ ሄዶ እንቁላሉን ሊያነሣ ይችላል። መጣያው ተነሥቶ የሚራገፍ ሳጥን ወይም ቅርጫት ይሁን፤ ውስጡም ደረቅ የጤፍ ጭድ ይደረግበት።

ግድግዳውና ጣራው

ከግድግዳው የላይኛው አንድ ሦስተኛ በዶሮ ሽቦ ወይም በተጠላለፈ ቀርከሃ ተሠርቶ አየር ይግባበት። ከርጥብ ኩስ የሚወጣው የሚቆጠቁጥ ሽታ የዶሮዋን ዓይንና መተንፈሻ ይጎዳል፤ ሽታው ከላይ መውጫ ካላገኘ ዶሮዎቹ ማስነጠስና ማንኮራፋት ይጀምራሉ። የታችኛው ግድግዳ በጭቃ ከተመረገ ምርጊቱ ለስላሳ ይሁን፤ ስንጥቅ ሲታይ ወዲያው ይደፈን። በላዩ ኖራ ቢቀባ ቆሻሻውም ቅንቅኑም ቶሎ ይታያል።

የሣር ክዳን ቀዝቃዛ ነው፤ ነገር ግን የአይጥና የቅንቅን መደበቂያ ስለሚሆን ለዶሮ ቤት አንመርጠውም። ቆርቆሮ ይሻላል፤ ሙቀቱን ለመቀነስ ቤቱ በዛፍ ጥላ ሥር ይሠራ። የጣራው ክፈፍ በየጎኑ 50 ሴንቲ ሜትር ወጣ ይበል። በክረምት ዝናብ ወደ ውስጥ ከገባ ሌላው ድካም ሁሉ ይበላሻል፤ ደም የሚያስቀምጠው የጫጩቶች በሽታ ዘሩ የሚበረታው በእርጥብና በሞቃት ቦታ ነውና። ብዙ መድኃኒቶች፣ በረኪናም ጭምር፣ ይህን ዘር አይገድሉትም፤ የሚያጠፋው ድርቀትና ሙቀት ነው።

የጽዳቱ ሥርዓት

በዚህ ዓይነት ለተሠራ ቤት ጽዳቱ ይህን ይመስላል።

በየቀኑ፦ ዶሮዎቹ ከወጡ በኋላ በሩ በሙሉ ተከፍቶ ይዋል። በርብራቡና በቆጡ ላይ የቀረውን ኩስ በመፋቂያ መሳብ ነው፤ ከአምስት ደቂቃ የሚበልጥ ሥራ የለውም። የመጠጫ ዕቃው ይታጠብ።

በየሳምንቱ፦ ከታች የተጠራቀመው ኩስ ይጠረግ፤ ደረቅ አፈር ይነስነስ። የመጣያው ጭድ ይለወጥ። 10 ዶሮዎች በቀን ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ርጥብ ኩስ ሊጥሉ ስለሚችሉ ሥራው ከሳምንት ወደ ሳምንት አይተላለፍ።

በየወሩ፦ ቆጡ፣ ርብራቡና መጣያው ወጥተው በመጀመሪያ ይፋቁ፣ ቀጥሎ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠቡ፣ በመጨረሻም ፀሐይ ላይ ይድረቁ። ቅደም ተከተሉ አይለወጥ። በኩስ ላይ የፈሰሰ በረኪና ኃይሉን ያጣልና።

በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ማለትም ክረምት ሳይገባና ክረምት ሲወጣ፣ ስንጥቁ ሁሉ ተደፍኖ ግድግዳው በኖራ ይቀባ።

የምታጸዳው እናት አቧራው እንዳይገባባት አፍና አፍንጫዋን በነጠላዋ ትሸፍን፤ ስትጨርስም እጇን በሳሙና፣ ሳሙና ከሌለ በአመድ ትታጠብ። ሕፃናት በአጠገቧ አይሁኑ፤ ያዘለችውም ቢኖር የአቧራ ሥራውን ሌላ ሰው እስኪይዝላት ታቆየው።

ቅንቅን መኖሩን ለማወቅ ማታ በኩራዝ ወይም በባትሪ ብርሃን በቆጡ ሥር ነጭ ጨርቅ ማሳለፍ ነው፤ ቀይ ነጠብጣብ ከታየ ቅንቅን አለ። ዶሮዎቹ ማታ ወደ ቤታቸው አንገባም ብለው ዛፍ ላይ መውጣት ከጀመሩ ወይም ኩክኒያቸው ከገረጣ ይህ ምልክት ነው። ለማሳ ወይም ለወባ የሚረጨውን መርዝ በዶሮ ቤት መርጨት ክልክል መሆኑን በየስብሰባው እናስተምራለን፤ መርዙ በእንቁላሉ በኩል ወደ ልጆች ይደርሳል። ዶሮዎቹ የሚንከባለሉበት ደረቅ አመድና አፈር የሞላ ጉድጓድ በጣራ ሥር ማዘጋጀት፣ ቆጡንም በፈላ ውሃ ማቃጠል ይሻላል።

ኩሱ ወዴት ይሂድ?

የሚጠረገው ነገር ሀብት ነው። የዶሮ ኩስ ከከብት ፍግ ይልቅ ብርቱ ነው፤ በዚህም ምክንያት ርጥቡን በተክል ሥር ያደረገ ሰው ተክሉን ያቃጥላል። ከደረቅ ቅጠል፣ ከገለባና ከአፈር ጋር እየተነባበረ ከዶሮዎቹና ከልጆች ርቆ ይከመር፤ ተሸፍኖም ቢያንስ ለሦስት ወር ይቆይ። አመድ በብዛት አይጨመርበት፤ አመዱ የኩሱን ብርታት በሽታ መልክ እንዲበን ያደርገዋል። ከበሰለ በኋላ ለእንሰት፣ ለቡናና ለጎመን ይሆናል። ዶሮ ቤቱን ለመጥረግ የሰነፈች እጅ እንኳ የጎመኑን ልምላሜ ስታይ ትበረታለች።

ጽዳት የማይችለው

እውነቱን ለመናገር፣ ጽዳት ሁሉን አይችልም። ፈንግል የገባበት መንደር ዶሮ ቤቱ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ዶሮዎቹ ጥቂት ቀን ውስጥ ሊያልቁ ይችላሉ። ለዚህ መድኃኒቱ ክትባት ነው። በቢሾፍቱ የሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ሙቀትን ከሌሎቹ ይልቅ የሚቋቋም፣ በዓይን ጠብታ የሚሰጥ የፈንግል ክትባት ያመርታል። ክትባቱም በየጥቂት ወሩ ይደገማል። ከገበያ የመጣች ዶሮ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ትቆይ። የሞተችው ወደ ወንዝ አትጣል፤ በጥልቅ ትቀበር ወይም ትቃጠል።

በዚህ ረገድ በአብያተ ክርስቲያናት ደጋግመን የምናነሣው አንድ ነገር አለ። በሽታ ሲገባ ብዙ ሰው ዶሮዎቹ ሳይሞቱበት ፈጥኖ ገበያ ይወስዳቸዋል። በዚህም በሽታው ወደሚቀጥለው መንደር ይሄዳል፤ ገዢዋም እንደ እርሱ ችግረኛ የሆነች እናት ናት። ባልንጀራን መውደድ በገበያ ቅርጫት ውስጥም ይፈተናል።

ዛሬ የምንሠራበት ደንብ

ከዚያ ስሕተት በኋላ ደንባችንን ለውጠናል። ቤቱ ሳይቆም ዶሮ አንሰጥም። ቤቱ ሲቆምም ባለቤቲቱ እኛ በቆምንበት ብቻዋን ከፍታ፣ ቆጡን አንሥታ፣ ርብራቡን ስባ ታሳየናለች። የከበዳት ወይም እጇ ያልደረሰበት ቦታ ካለ የሚስተካከለው ቤቱ ነው። የአጥቢያው ወጣቶች አጣናውን ቆርጠው ያቆማሉ፤ ባለቤቲቱ ምርጊቱን ትሠራለች፤ የእናንተ ስጦታ ደግሞ ቆርቆሮውን፣ ሽቦውንና ሚስማሩን ይገዛል። እንግዲህ «ለዶሮ ቤት ይህን ያህል ለምን?» ላላችሁን መልሱ ይህ ነው። ርካሽ ቤት ሠርተን ነበር፤ ማገዶ ማስቀመጫ ሆኖ ቀረ።

ሁሉም እንደተሳካልን አድርገን አንጽፍላችሁም። ዛሬም ሌባ ፈርተው ዶሮዎቻቸውን ከመደባቸው አጠገብ የሚያሳድሩ ቤተሰቦች አሉ። አንፈርድባቸውም። ለእነርሱ በሩን የሚያጠናክር ብረትና ቁልፍ እየጨመርን፣ ጎረቤቶችም እርስ በርሳቸው እንዲጠባበቁ እየመከርን እንገኛለን።

በኦሪት ዘዳግም 23 እግዚአብሔር ለሕዝቡ ስለ ሰፈራቸው ንጽሕና ያዘዘውን ስታነቡ፣ ቅዱስ አምላክ ቆሻሻ ወዴት እንደሚጣል እንኳ ግድ እንደሚለው ታስተውላላችሁ። ጌታችንም ፍቅሩን ሊገልጽ በወደደ ጊዜ ጫጩቶቿን በክንፎቿ ሥር የምትሰበስብ ዶሮን ምሳሌ አድርጎ ተናግሯል። እኛም ዶሮ ቤት መጥረግን ከወንጌል አገልግሎት የራቀ ሥራ አድርገን አናየውም።

እማማ የድሮውን ቤት አፍርሰን አዲሱን በሠራንላቸው ቀን በሩን ከፈቱት፤ መፋቂያውንም አንድ ጊዜ ሳቡና ወደ እኛ ዘወር ብለው፣ «አሁን የጠረገ ሰው ሠራው» አሉን። የልጅ ልጃቸው በዚያን ጊዜ ይድኽ ነበር። እባካችሁ ለእርሱና እንደ እርሱ ላሉ ሕፃናት ጸልዩ። ክትባቱ ለሩቅ ቀበሌዎች በጊዜው እንዲደርስ፣ ወጣቶቻችንም በዚህ ዝቅተኛ በሚመስል ሥራ እንዳይታክቱ ጸልዩ።



በጌታ አገልግሎት ባልንጀሮቻችሁ፣
የልማት ክፍል ሠራተኞች